ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፤ ግልባጭ ለወላጆች

ጉዳዩ፦ ፀጉር ሥራን ፈልገው ስለሚመርጡ ልጆች

የተከበራችሁ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሴቶች የውበት ሳሎን አለኝ። ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወራኝ የምውል ሴት ነኝ። ፀጉሯን የምትሠራ ሴት ካስክ ውስጥ እስክትገባ ድረስ የማታነሣው ጉዳይ የለም፤ የልጆቿ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ከራሴ ብቻ ያመነጨሁት አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ደንበኞቼ ያልሆኑ እናቶች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ንግግሩ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «ያው አልመጣላትም፤ ከምትቀመጥ እጇን ታፍታታ ብዬ ነው።» ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከቀሩት መካከል ስንቶቹ በአንድ ሰሞን የሙያን በር እንደሚያንኳኩ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሚያንኳኩትም ተገፍተው ነው።

እነዚህን ልጆች አልንቅም። እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው ገብተው ዛሬ የራሳቸውን ሳሎን የከፈቱ፣ ከእኔ ይልቅ ወረፋ የሚጠበቅላቸው አሉ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ተገፍተው የሚመጡት ከመብዛታቸው የተነሣ ፈልጋ የመጣችው ልጅ አትታይም። የሥልጠናው ይዘት፣ የሚሰጠው ጊዜ፣ ስለ ሙያው የሚነገረው ሁሉ የተሰፋው በወደቀ ልጅ ልክ ነው።

በቅርቡ አንዲት ልጅ ብቻዋን መጣችብኝ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አምጥታለች፤ አካውንቲንግ ሊደርሳት ይችላል። እሷ ግን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የሰፈሩን ሕፃናት ሹሩባ ስትሠራ ያደገች ናት፤ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። በማግስቱ እናቷ ስልክ ደወሉ። «እባክሽ እህቴ፣ አትቀበያት፤ አባሪልኝ» አሉኝ። ልጃቸው ሱስ ውስጥ የገባች ያህል ነበር ድምፃቸው። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ብሆን ይህን ሙያ የሚመርጥ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ቢጠይቁኝ የምሰጣቸው አልነበረኝም። ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ ስንት ዓመት እንደምትማር፣ ምን እንደምትማር፣ በስንት ብር እንደምትቀጠር ቤተሰቧ አስቀድሞ ያውቃል። ስለ ፀጉር ሥራ የሚታወቀው ግን «ገንዘብ አለው ይባላል» እና «ቆሞ መዋል ነው» የሚሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም አይበቁም።

ገና ሲጀመር ይህ ሥራ የኬሚካል ሥራ ነው። ፀጉር ለማለስለስ የምንቀባው ጠንካራው ሪላክሰር ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በተለምዶ ስሙ ካስቲክ ሶዳ፣ የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ የሚከፈትበት። ፒኤች መጠኑ ከ12 እስከ 14 ይደርሳል። ፀጉርን የሚያለሰልሰው ውስጡ ያለውን ትስስር ሰብሮ ስለሆነ፣ ከታሰበለት ደቂቃ ካለፈ ፀጉሩንም ይሰብረዋል፤ ቆዳውንም ያቃጥላል። ከመቀባቱ በፊት የራስ ቆዳውና የግንባሩ ዳር በቫዝሊን መሸፈን አለበት። ደንበኛዋ ትናንት ራሷን አክካ ከሆነ ዛሬ አይሠራላትም። ከታጠበች በኋላ ቅሪቱን የሚያመክን ሻምፖ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ አንዱ ዓይነት ማለስለሻ ሌላውን አለመውደዱ ነው። ታዮግላይኮሌት የተባለው ኬሚካል በነካው ፀጉር ላይ ሃይድሮክሳይድ ያለበትን ከደረባችሁበት ፀጉሩ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ነገ ሰርግ ያለባት ሴት «ከዚህ በፊት የት ምን ተቀብተሽ ነበር?» ስትባል ትቆጣለች፤ እናንተ ብትሆኑም ትቆጡ ይሆናል። ጥያቄውን ለመጠየቅ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ተቆጥታም ቢሆን «አልሠራልሽም» ብሎ ለመመለስ ደግሞ ከማወቅም በላይ ያስፈልጋል።

ቀለምም እንዲሁ ነው። ከቀለሙ ጋር የሚደባለቀው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 20 ቮልዩም ሲባል 6 በመቶ፣ 30 ሲባል 9፣ 40 ሲባል 12 በመቶ ነው። እዚህ ላይ መሳሳት የቀለም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቃጠሎ ጉዳይ ነው። በጥቁርና ጠቆር ባሉ ቀለሞች ውስጥ የሚገባው ፓራፌኒሊንዳያሚን አለርጂ ያለባትን ሴት ፊቷን አሳብጦ ዓይኗን ሊደፍን ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብቶ መሞከር። ሁለት ቀን ቀድማ የምትመጣ ደንበኛ ስንት አለች ካላችሁኝ እንዳትስቁብኝ እፈራለሁ።

«ኬራቲን» የሚባለው ደግሞ አለ፤ ባለፉት ዓመታት ከተማውን የወረሰው። ስሙ ቫይታሚን ይመስላል። ከነዚህ ምርቶች ብዙዎቹ በፔይስትራ ሲተኮሱ ፎርማልዲሃይድ የተባለውን ጋዝ ይለቃሉ፤ አንዳንዶቹ ካርቶናቸው ላይ «ፎርማልዲሃይድ ፍሪ» ተብሎ ተጽፎባቸው እንኳ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ኬሚካል ከመዋቢያ ምርቶች ውስጥ አግዷል። ደንበኛዋ በዓመት ሁለቴ ትተነፍሰዋለች፤ የምትሠራላት ልጅ በቀን ሁለቴ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የፀጉር ሠሪዎችንና የፀጉር አስተካካዮችን የሥራ ተጋላጭነት ካንሰር የማምጣት ዕድሉ የጎላ ከሚላቸው፣ 2ኤ ከተባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት ደግሞ ማለስለሻ ከማይጠቀሙ ሴቶች 1.64 በመቶዎቹ እስከ 70 ዓመታቸው የማኅፀን ካንሰር ሊይዛቸው እንደሚችል ሲገምት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ በሚጠቀሙት ላይ ግምቱን 4.05 በመቶ አድርሶታል። ጥናቱ ዝምድናውን ነው ያሳየው፤ ምክንያቱ እርግጠኛው ይህ ነው አላለም። ቢሆንም አንድ በር ብቻ ባላት፣ በክረምት እሱም በሚዘጋባት ሳሎን ውስጥ የምትውል የ19 ዓመት ልጅ ይህን የማወቅ መብት አላት። እስካሁን ተምረው ከመጡልኝ ልጆች መካከል ይህን የነገራት ሰው አለ ያለችኝ አላጋጠመችኝም። ፎን መንፋትና ቢጎዲን መጠቅለልን ግን ሁሉም ይችላሉ።

የወንዶቹን ፀጉር ቤት ብዙ አላውቀውም፤ ግን ቶንዶሱን አልኮል አርከፍክፎ ክብሪት የሚጭረውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሳቱ ለደንበኛው መተማመኛ ይሰጣል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለሰባት ቀን በሕይወት መቆየት የሚችል መሆኑን፣ ስለዚህ የመሣሪያው መጽዳት ከእሳቱ ድምቀት ይልቅ በጊዜውና በአሠራሩ እንደሚወሰን የተማረ አስተካካይ ግን ያስፈልገናል። ምላጩንስ ቢሆን በየሰው ይለውጠው ብለን ለደንበኛው ንቃት ብቻ እንተወዋለን?

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሰው ለማስፈራራት አይደለም። ኬሚስትሪ ወድቃ ወደ እኔ የተላከች ልጅ ወደ ኬሚስትሪ እንደተላከች ማንም አልነገራትም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ሹሩባ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ አትቀየሙኝ።

በዚህች አገር ፀጉር ሥራ ከካስክና ከፎን በፊት ነበረ። የአጼ ቴዎድሮስን ምስል የማያውቅ የለም፤ ግርማ ሞገሱ ከሹሩባው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ነበር። ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የመለሰልን እሱን ነው፤ የባህል ሚኒስትራችን እዚያው ሄደው ተረከቡት። ለጉንጉን ፀጉር ሚኒስትር ልከናል ማለት ነው። የትግራይ ሴቶች አልባሶ፣ ነሐሴ ላይ ለአሸንዳ የሚሠራው ሁሉ፣ አፋር ወንዶች በቅቤ የሚያሳምሩት ፀጉር፣ የሐመር ሴቶች በቅቤና በቀይ አፈር እያሹ የሚጎነጉኑት፣ እነዚህን የሚሠሩ እጆች ዛሬም አሉ። ለጥምቀት ዋዜማ አንድ ሹሩባ ሠሪ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ከወንበሯ ሳትነሣ ስትውል ያየ ሰው ይህ «የእጅ ማፍታቻ» እንዳልሆነ ይገባዋል።

ይሁንና የሹሩባ ሠሪዋ ቦታ የሳሎኑ ጥግ ነው። ፎን የምትነፋው «ባለሙያ» ትባላለች፤ ሹሩባ የምትሠራው «ሹሩባ ሠሪዋ» ናት። አንዱ ራስ አራትና አምስት ሰዓት ሊወስድባት ይችላል፤ በሰዓት ሲካፈል ከሁሉም አነስተኛውን የምታገኘው እሷ ናት። የሥልጠና ቦታ ያየኋቸው የመለማመጃ አሻንጉሊት ራሶች ፀጉራቸው ለስላሳና ረጅም ነው፤ ተማሪዋ ወጥታ የምትነካው የመጀመሪያው እውነተኛ ራስ ግን ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ፀጉር ያለበት ነው። የራሳችንን ፀጉር የምንማረው በራሳችን ወጪ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሹሩባም የራሱ ጉዳት አለው። እናቶቻችን «ካላመመ አይቆይም» ይሉ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ሳሎን ውስጥ ግንባሯ ወደ ኋላ የሸሸ፣ የጆሮዋ አጠገብ ፀጉር ያለቀባት ወጣት ታያላችሁ። ለዓመታት ሥሩ ሲጎተት የኖረ ፀጉር በመጨረሻ ላይመለስ ይችላል። በተለይ ለስላሳ የሆነው የግንባር ዳር ፀጉር ላይ ከባድ ፍሪዝ ቀጥሎ ማጥበቅ፣ በዚያ ላይ ሂውማን ሄር ማሰፋት አደገኛ ነው። ጎበዟ ሹሩባ ሠሪ ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ስታይ ትፈታዋለች፤ ገንዘቡንም ትመልሳለች። እንዲህ ዓይነቷን የሚለይ ምዘና ቢኖራችሁ እኔ የመጀመሪያዋ ደንበኛችሁ ነኝ።

አሁን የምጠይቃችሁን ልናገር።

የቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን ከጀርመን ብዙ ቀድቷል፤ የትብብር ሥልጠና የምንለውም ተማሪው ከተቋሙና ከሥራው ቦታ እየተመላለሰ እንዲማር የሚያደርግ ነው። በጀርመን ፀጉር ሠሪ ለመሆን ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት በሳሎንና በትምህርት ቤት መካከል መመላለስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ፈተና አለ። የራስን ሳሎን ለመክፈት ደግሞ በመደበኛው መንገድ የማስተር ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በእኛ አገር ይህን ሙሉ በሙሉ ይተግበር አልልም፤ ቢተገበር የየሰፈሩ ሳሎን በአንድ ሳምንት ይዘጋል፤ የእኔም ጭምር። ነገር ግን ልጅቷ ሳሎን ውስጥ የምታሳልፈው ጊዜ ትምህርት መሆኑን ከእነሱ መውሰድ ይቻላል። እኛ ጋ ያለውን ላስረዳችሁ። ልጅ «ለልምምድ» ትገባለች። ፎጣ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ራስ ታጥባለች። እጇ በውኃና በሻምፖ ተላልጦ ይቆስላል፤ ፀጉር ሠሪዎች በእጅ ቆዳ ሕመም ከሚጠቁ ሠራተኞች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው፤ ጓንት ግን ለቀለም ብቻ ነው የሚወጣው። ክፍያዋ አንዳንዴ የደንበኛ ጉርሻ ብቻ ነው። መቼ ወንበር እንደምትይዝ አይነገራትም፤ ባለቤቷ ደስ ሲላት ነው።

ሕጉ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ለማጅነት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ የሥልጠናው ዓይነትና ርዝመት፣ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለው ክፍያ፣ የሥራው ሁኔታ በውሉ እንዲጠቀስ ይፈልጋል። ይህ ውል በእጇ ያለ የሳሎን ለማጅ አይቼ አላውቅም። ስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ 48 ሰዓት የሥራ ሳምንት የሚለውም እኛ ሰፈር ለበዓል ዋዜማ ቀልድ ነው። ወንበር ከያዘች በኋላ ደግሞ በፐርሰንት ትሠራለች፤ ከሠራችው ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰውን ትወስዳለች። ጥርና ሚያዝያ በሙሽራና በሚዜ ተጨናንቀው ያልፋሉ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም፤ እጅ ታጥፎ ይዋላል። መብራት በሄደበት ቀንም እንዲሁ። ቋሚ የወር ደመወዝ ስለሌላት የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ፣ ከእሷ 7 በመቶ ከአሠሪዋ 11 በመቶ የሚቆረጠው፣ አይመለከታትም ተብሎ ይታለፋል። አርባ ዓመት ሲሞላት የወገብ ሕመምና እግሯ ላይ ያበጠ ደም ሥር ይቀሯታል።

ይህን የምለው ከማዶ ሆኜ አይደለም፤ እኔም አሠሪ ነኝ። ውል ባስፈርም ለማጄ ነገ ተምራ አጠገቤ ሳሎን ትከፍታለች የሚል ፍርሃት እኛ ባለ ሳሎኖች ዘንድ አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። ምናልባት እናንተ ልታግዙን የምትችሉት እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄዬም ይኸው ነው። ለማጅ በውል የሚያሠለጥን ሳሎን የሚያገኘው አንድ ነገር ይኑር፤ ዕውቅናም ይሁን፣ የትብብር ሥልጠና ተማሪ ቅድሚያ ማግኘትም ይሁን። ባዶ እጄን ሕግ አክባሪ ሁኚ ብትሉኝ እሺ እላለሁ፤ የሚሆነው ግን እንደ ወትሮው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ምዘናውን ይመለከታል። የ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሰው የተማረው የትም ይሁን፣ ከቤትም ከሳሎንም፣ የሚችለው ተመዝኖ እንዲታወቅለት በር ከፍቷል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ሹሩባ ሠሪዎችን በዚህ በር አስገቡልኝ። ከሹሩባ በቀር ሌላ የማትሠራ ሴት የሪላክሰር ጥያቄ ቀርቦላት መውደቅ የለባትም፤ ሹሩባ ለብቻው ይመዘን። ኬሚካል የሚነካ ግን ያለ ምዘና አይንካ። መለያ መስመሩ እዚህ ቢሰመር ድሃዋን አይጎዳም፤ ደንበኛዋንም ይጠብቃል።

ይህን መስመር ሳይለዩ ሕግ ማብዛት ምን እንደሚያመጣ ከሩቅ የታየ አለ። በቴክሳስ የፀጉር ጉንጉን የምታስተምር አንዲት ሴት አሥር የተማሪ ወንበርና ለየሁለቱ ወንበር አንድ መታጠቢያ ገንዳ ካላሟላሽ ማስተማር አትችዪም ተብላ ነበር፤ ሹሩባ ለመሥራት ገንዳ ምን ያደርጋል? ፍርድ ቤት ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2015 የፌዴራል ዳኛ መስፈርቱን ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው አሉ፤ በዚያው ዓመት የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ጉንጉን ሠሪዎችን ከፈቃድ ግዴታ ነፃ አወጡ። እኛም ጋ የክፍል ስፋት ለመለካት ሜትር ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ይህን ታሪክ እንድታስታውሱት ነው።

የውጭ አገርን ነገር ያነሣሁት ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የእናንተው ኃላፊነት ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ልጅ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ጠይቋል፤ ተገቢ ነው። ታዲያ የሰው ቤት ወለል ለመጥረግ ሪያድ ስትሄድ ማረጋገጫ የተጠየቀች ልጅ፣ ተመልሳ አዲስ አበባ ካስቲክ ሶዳ የሰው ራስ ላይ ስትቀባ «ወረቀትሽን አሳዪኝ» ያለቻት ደንበኛ የለችም። እኔንም ያለችኝ የለችም። ከቤሩት፣ ከዱባይ፣ ከጅዳ የተመለሱ ብዙ ሴቶች ያጠራቀሟትን ገንዘብ የሚያፈሱት ሳሎን ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ እዚያ እያሉ በዕረፍት ቀናቸው የወገኖቻቸውን ፀጉር እየሠሩ እጃቸውን ያሰሉ ናቸው። የእነሱ ችሎታ ወረቀት ቢኖረው ለተመላሽ ማቋቋሚያ ከሚሰጥ ብዙ ነገር ይሻል ነበር። በተቃራኒውም፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ያሉ የእኛ ሰዎች ሳሎኖች ሥራ ሞልቷቸዋል፤ እዚህ ዘመኗን ሙሉ የሠራች ልጅ እዚያ ስትደርስ ግን ቀለምና ኬሚካል ለመንካት እንደ ጀማሪ ከሀ ትጀምራለች፤ የሠራችበትን ዘመን የሚያስረዳላት ወረቀት ስለሌላት።

ሦስተኛው ጥያቄዬ አጭር ነው። የኬሚካሉን ጉዳይ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር ተነጋገሩበት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያንም ያካትታል። የትኛው ኬራቲን ምን እንደያዘ እኔ ካርቶን አንብቤ ማወቅ አልችልም፤ ላቦራቶሪ ያለው ያውቃል። የምናውቀው ነገር ካለ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ተጽፎ መስታወታችን ላይ ይለጠፍ።

ለወላጆች ደግሞ፤

እትዬ፣ ጋሼ፣ ልጃችሁ ፀጉር ሥራ እፈልጋለሁ ስትላችሁ አትደንግጡ። ደግሞም ወዲያው እሺ አትበሉ። ሳሎኑን ሄዳችሁ እዩት። መስኮት አለው? ጓንት አለ? ባለቤቷ ስለ ለማጆቿ ስትጠየቅ ምን ትላለች? ልጅቷ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቆማ ትዋልና ማታ ምን እንዳየች ጠይቋት፤ ስለ ደንበኞቹ ሐሜት ብቻ ካወራች ሥራው ገና አልገባትም፤ ስለ ፀጉር ካወራች ስሟት። ወንድ ልጅ የሴቶች ፀጉር ሠሪ ልሁን ቢላችሁ ደግሞ ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ጋ ቀለም የሚቀባው ወንድ ልጅ ነው፤ ቀጠሮው በሳምንት ቀድሞ ይሞላል።

ልጆቻችሁን «ቢያንስ» እያላችሁ አታምጡልኝ። አጼ ምኒልክ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። ያን ጊዜ ሰዉ ቀጥቃጩን እየሰደበ ማረሻውን ይወስድ ነበር። ዛሬ ደግሞ ለሰርጋችሁ ቀን ፀጉራችሁን የሠራችላችሁን ልጅ፣ የራሳችሁ ልጅ እሷን እንዳትሆን ትማጸናላችሁ።

ያችን ባለ ነጥብ ልጅ ተቀብያታለሁ። እናቷን ሳሎን ጠርቼ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ሙሉ በሙሉ አላመኑም። አንድ ዓመት ትሞክረው ተባባልን፤ በዚያ ዓመት ማታ ማታ አካውንቲንግ ትማራለች፤ የሳሎኔን መዝገብም እሷው ትይዛለች ተስማምተናል። ለእሷ ብዬ የለማጅነት ውል አዘጋጅቻለሁ፤ የትኛው ወር ምን እንደምትማር፣ በየትኛው ወር ቀለም እንደምትነካ፣ ኬራቲን በሚሠራበት ሰዓት ከክፍሉ እንድትወጣ፣ ስንት ብር እንደሚከፈላት ተጽፎበታል። ሁለት ገጽ ነው። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርጌ ልኬዋለሁ፤ የሕግ ሰው ስላላየው ጉድለት ካለበት አርሙልኝ። የሚስተካከለው ተስተካክሎ በየሳሎኑ የሚፈረም አንድ ወጥ ቅጽ ቢወጣ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ያሉ ጥቂት ባለ ሳሎኖች ለመፈረም ፈቃደኛ ናቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

ባለሙያ ልካችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሰኞ ዝግ ነን። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በፊት ይመቸናል። ዓርብና ቅዳሜ ባትመጡ ይሻላል፤ ከመጣችሁ ግን ወረፋ መያዝ ይኖርባችኋል።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የፀጉር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለአዲስ አበባ ከተማ ሥራና ክህሎት ቢሮ
«አባሪልኝ» ላሉኝ እናት